በወይዘሮ ሳህሊቱ ቤት ስለ ተያዘው የጠላ ጋን

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የመጠጥ ክልከላ አስፈጻሚ ሹም
በጽሕፈት ቤታቸው

ክቡር ሆይ፤

የክቡርነትዎን፣ የቤተሰብዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ጤና ከልብ እየጠየቅሁ፣ እኛ የአሰበ ተፈሪ ነዋሪዎች ከታመሙት፣ ከታሰሩትና ዓይናቸው ከጠፋው በቀር ሁላችንም ደህና መሆናችንን በትሕትና አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም። ቴምብር ለጥፌ በዝግ ፖስታ ያቀረብኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት ስላልወጡ፣ አራተኛው በገበያው በርና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ቢለጠፍ ሲያልፉ ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው።

መጠጥ በአገሩ ሁሉ እንዲቀር የወጣው ትእዛዝ ወደ ከተማችን ከደረሰ እነሆ ስምንት ወር ሆነው። ከሁሉ አስቀድሜ ስላገኘነው ጥቅም ማመስገን ይገባኛል። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድብድብ ቀንሷል፤ ይህ እውነት ነው። ደመወዛቸውን ሳያጎድሉ ቤታቸው የገቡ ባሎች አሉ፤ ሚስቶቻቸው ሲያመሰግኑዎ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔም አብሬ አመሰግናለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምዘረዝረው ምስጋናው ብቻውን መጥቶ እንዳይሰለችዎ ነው።

፩ኛ/ ጠላ እየሸጡ ይኖሩ የነበሩት ባል የሌላቸው ሴቶች ጋናቸው ከተሰበረ በኋላ ሥራ ፈትተው እንደማይቀመጡ ክቡርነትዎ አስቀድመው አስበውበት እንደ ነበር አልጠራጠርም። ከእኔ ቤት በላይ ከነበሩት ከሰባቱ አራቱ ሚኤሶ ወርደው በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄደዋል። ከእነርሱ አንዷን አይቻታለሁ ያለ ሹፌር ነበረ። ምን ትሠራለች ብለን ብንጠይቀው «ተዉኝ እባካችሁ፣ ምሳዬን ልብላበት» ብሎ ወሬ ለወጠ።

፪ኛ/ የመንገድ ሥራው ግንበኛ ተሻለ ዱሮ ከሥራ ሲወጣ ከወይዘሮ ሳህሊቱ ጠላ ቤት ይቀመጥ ነበር። ሳህሊቱ በሦስተኛው ጣሳ ላይ «በቃህ ወንድሜ፣ ነገ ድንጋይ ትጠርባለህ» ትለዋለች፤ እሱም ይሰድባትና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቷ ከተዘጋ በኋላ ግን የፕሪሙስ ምድጃ መለኮሻ ስፒሪት በመድኃኒት ጠርሙስ እየሞላ የሚሸጥ ሰው አገኘ፤ ብቻውን በሩን ዘግቶ ይጠጣ ጀመር። ጠርሙስ ደግሞ በቃህ አይልም። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጧት ሊጠይቁት የሄዱትን ሰዎች «ምነው ጨለማ አደረጋችሁት፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ እንጂ» አላቸው። መስኮቱ ክፍት ነበር። ትእዛዙ ስለ ፕሪሙስ ስፒሪት የሚለው ነገር ስለሌለ ሻጩ አልተጠየቀም፤ ዛሬም ሱቁን በጊዜ ይከፍታል፣ ግብሩን በጊዜ ይከፍላል፣ ሰላምታውም የጨዋ ነው።

፫ኛ/ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ቡሽራ ልጁን ሲድር ለእንግዶቹ ቀሪቦ አዘጋጀ። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራ፣ ጌሾ የማይገባበትና የማያሰክር፣ እስላም ወገኖቻችን በሠርግና በመውሊድ የሚጠጡት መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። መልኩ ግን ጠቆር ያለ ነው፤ ጠላም ጠቆር ያለ ነው። ፖሊሶችዎ በመልኩ ፈርደው ሁለቱንም በርሜል ከሠርገኛው ፊት ደፉት። ቡሽራ «እኔን ለመከልከል ዘገያችሁ፤ ወላሂ፣ አላህ ቀድሟችኋል!» ቢል ሰሚ አጣ። ልጁ ስትዳር እሱ ከፖሊስ ጣቢያ አደረ። በማግስቱ ስለ ተፈታ ስለ ፍትሕዎ እናመሰግናለን። የባሏ ወገኖች ግን እስከ ዛሬ ድረስ «የሰካራሙ ልጅ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

፬ኛ/ ደብዳቤውን ያጻፈኝ ይህ አራተኛው ነው።

አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከወሎ በሥራ የመጣን፣ እዚህ አገር ዘመድ የሌለን አሥራ ሁለት ሰዎች የሚካኤል የጽዋ ማኅበር አለን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በተረኛው ቤት ጠላ ይጠመቃል፣ ጽዋው ይዞራል። ከመካከላችን የታመመ ሲኖር የሚያስታምመው፣ የሞተም ሲኖር የሚቀብረው ይኸው ማኅበር ነው። ትእዛዙ ከወጣ ጀምሮ በጽዋው ውኃ ስናዞር ከረምን። ውኃ ለመጠጣት ግን ሰው ከቤቱ ስለማይወጣ በመስከረም የመጣነው አምስት ብቻ ነበርን። ለጥቅምት ተራው የሳህሊቱ ነበርና አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ወጉ ይሁን ተባባልን። ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ይሁንና ሳህሊቱ ስለት ልታደርስ ወደ አሰቦት ገዳም ወርዳ ስትመለስ ወባ ይዟት መጣችና አልጋ ላይ ወደቀች። ስለዚህ ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ። እርሷ ከተኛችበት እየነገረችኝ፣ እኔ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪው እጅጌዬን ሰብስቤ ጠነሰስሁ፣ ደፈደፍሁ፣ ጋኑን ከደንሁ።

በበዓሉ ዋዜማ ፖሊሶች ሲገቡ በቤቱ ነበርሁ። «የጠመቅሁት እኔ ነኝ» አልሁ። አሥር አለቃው ሳቀና «ኧረ መምህር! ወንድ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ጠላ የሚጠምቀው? ይልቅ ዞር ይበሉልን፣ ሥራ እንሥራበት» አለኝ። ሳህሊቱም ከአልጋዋ ቀና ብላ «በትኩሳት የምቃዠው እኔ አነስሁና ደግሞ እሱ ይቃዥ? ተዉት። ነጠላዬን አቀብሉኝ» አለች። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሁለተኛ ሳልናገር ቀረሁ። በሦስቱ ማመልከቻዎች ውስጥ ሳልጽፈው የቀረሁትም ይህንኑ ነው፤ ስለ ደግነትዎና ስለ ሕመሟ ብቻ ነበር የጻፍሁት።

ከታሰረች ዛሬ አሥራ አምስት ቀኗ ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር ኪኒን ይዞ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፤ ለእስረኛ መድኃኒት የሚገባው በክቡርነትዎ ፊርማ ብቻ ነው ተብሎ ከበር ተመለሰ። በአጥሩ ቀዳዳ አይቷታል። ከሰኞ ወዲህ ቆማ አትሄድም፤ የጠጣችው ውኃም አይረጋላትም። እስክትታሰር ድረስ ዓይነ ስውሩን ተሻለን የምታበላው እሷ ነበረች፤ አሁን ከእስር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ የወጣውን የገባውን ሁሉ «እሷ ናት?» እያለ ይጠይቃል።

የምለምነው ሁለት ፊርማ ነው፤ አንዱ እርሷን ለመፍታት፣ ሁለተኛው እኔን ለማሰር። ሥራ የሚያበዛብዎ ከሆነ የሁለተኛውን ወረቀት ራሴ ጽፌ አመጣለሁ።

ስለ መዝገብ ቤትዎ ጸጥታ፣ ስለ ፖሊሶችዎ ሳቅና እስከ ዛሬ ስላላገኘነው መልስ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በአድራሻዬ ለሚመጣው ሁሉ ቤቴን ሳልዘጋ የምጠብቅ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

ይልቃል አምባው
አስተማሪ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል መንገደኛ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ወንድ ጠላ አይጠምቅም የሚለውን የአሥር አለቃውን ክርክር በማስረጃ መርታት ግድ ስለሆነብኝ ይህን እጨምራለሁ። የተያዘው ጋን እንደ ታሸገ በጽሕፈት ቤትዎ ግምጃ ቤት አለ። ሳህሊቱ ደጋግማ ብትነግረኝም ጋኑን በወይራ ማጠን ረስቻለሁ፤ አሻሮውን አሳርሬዋለሁ፤ ጌሾውንም እጥፍ አድርጌዋለሁ። ክቡርነትዎ ትእዛዙ ከመምጣቱ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር እየገቡ የሳህሊቱን ጠላ ጠጥተዋልና እጇን ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይበልጥ ያውቁታል። ማኅተሙን ያስነሡና አንድ ጣሳ ይቅመሱ። የእርሷ ጠላ ነው ካሉ በእስሯ ትቆይ። አይደለም ካሉ ግን አፍዎን እንደ ተጉመጠመጡ ወረቀቱን ይፈርሙ፤ ድሬሰሩ እሑድን አታልፍም ብሎኛል።