ጾም ነው ብለሽ የተውሽው ኪኒን

ለአስካለ፣ ለሚስቴ።

ጤና ይስጥልኝ አልልሽም። ጤና ሲሰጡሽ አልፈልግም ብለሽ የሄድሽ ሴት ነሽ። ከተለየሽኝ ወዲህ ሽንኩርቱ ሁለቴ ተነቅሏል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ።

ቤቱ ቆሟል። ልጃችን ወይንሸት ከካራቆሬ መጥታ አብራኝ ተቀምጣለች። ፍየልሽ መንታ ወለደች። ፓፓያሽም አፈራ፤ ወይንሸት ግን ለጎረቤት ታድለዋለች እንጂ እኔን አታቀምሰኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የደም ብዛት ኪኒን ሲሰጡሽ በደንብ ስትውጪ ከረምሽ፤ ራስ ምታቱም ተወሽ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ። «ጾም ነው፣ ሲፈታ እቀጥላለሁ» አልሽኝ። የንስሐ አባታችን እንኳ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለውሽ ነበር። ጾሙ ተፈታ፤ ወደ ሥጋው ተመለስሽ፣ ወደ ኪኒኑ ግን አልተመለስሽም። ደም ብዛቱ ከሽንኩርቱ መሃል ጣለሽ። በመኪና ወደ ሆስፒታል ስንወስድሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በር ዋሻ ሳንገባ ትንፋሽሽ ቆመ።

ለቅሶ ላይ ጎረቤታችን ዘነቡ፣ ያቺ የባሏ እግር በስኳር የተቆረጠባት፣ ደረቷን እየመታች «እኔ ለደግ ብዬ ነው! ኪኒኑ ስኳር ያመጣብሻል፣ እንደ ባሌ ይቆርጡሻል ያልኳት» አለች። ሰው ባይዘኝ ኖሮ! ጾሙ ሽፋን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አሁን እኔንም ደም ብዛት ያዘኝ። ያንቺኑ ዓይነት ኪኒን ሰጡኝ፤ ዋጥኩ። ቆይተው ደሜን ሲያዩት ስኳሬ ከፍ ብሏል፤ ፓፓያሽን የተከለከልኩት ለዚህ ነው። ዘነቡ አልዋሸችም! ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን እሷን ጠልቼ እገላገል ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጮህኩባቸው። ነርሷ ምንም አልመሰላት፤ «አባባ፣ ይቀመጡ። አንዳንዱ የግፊት ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ስኳር ከፍ ያደርጋል። በራስዎ አያቁሙት እንጂ ሐኪሙ ይለውጥልዎታል» አለችኝ።

ለወጡልኝ፣ አስካለ። ሌላ ኪኒን ነበረ! ገበያ ላይ ስትከራከሪ ነጋዴ የምታስለቅሺ ሴት፣ ነጭ ጋዋን ፊት አፍሽ ተሳሰረ? ለእኔስ ምን አስደበቀሽ? ይቆጣል ብለሽ ነው? አዎ፣ እቆጣ ነበር። ተቆጥቼ ይዤሽ እሄድ ነበር።

ዘነቡም ደም ብዛት አለብሽ ተባለች። አልውጥም ብላ ቤቷ ቁጭ። ከለቅሶሽ ወዲህ ቃል ተንፍሼላት አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን በሯን ደብድቤ አስወጣኋትና ባጃጅ ላይ ጫንኳት። ይቅር አልኳት እንዳትይ፤ አላልኳትም። ሐኪሙ ፊት አስቀምጬ «ለሚስቴ ያልሻትን ለእሱ ንገሪው» አልኳት። እያለቀሰች ነገረችው። ኪኒን ይዛ ተመለሰች።

አንቺን እረሳለሁ ብለሽ አትስጊ። በየጠዋቱ የምውጠው ስምሽን ጠርቼ ነው፤ እየተቆጣሁሽ። ቁጣው ቢያልቅ እንኳ ስምሽን መጥራቱን አልተውም።

ባልሽ ተሰማ