ሦስት ጊዜ የተጠራችው

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? ዌዋክ ከተማ ላይ ዝናቡ መንገዱን እንደናደው ሰምቼ ስለ ቤታችሁ ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ አለሁ። ወንዙ ሞልቶ ጎደሬዬን ወሰደው፤ ከዘንባባው ግንድ የምናጥበው ዱቄት፣ ሳጎው ግን አለኝ፣ አልራበኝም። ልጄ ከተቀበረች ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የሐዘኑ ገመድ አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ወረቀቱን የሰጠኝ መምህር ሙንጉሬ ነው። እጄ አልለመደምና ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ንዴቴ ግን ቀስ አላለም።

ያቺ ቃላችንን ለመጽሐፍ የምትለቅም ፈረንጅ ልጅ ከአንተ ዘንድ ተነስታ በጀልባ መጣች። ጨዋ ናት፣ የሰጠናትን ሁሉ ትበላለች። አንተ ከተማ ላይ የነገርካት ሁለት መቶ ቃል ትክክል መሆኑን እንድንመሰክር ስብሰባ ቤት ጠራችንና ድምፅህን ከመቅረጫው አሰማችን። ውሃ አልክ። ውሻ አልክ። ቅማል አልክ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። አክስታችን ያሪንዳ፣ ይሄ ልጅ ከተማ ገብቶም ቅማሉን አልረሳም፣ ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀጥለህ ያንን አልክ። ከእሳት ላይ ተነስቶ ዓይን የሚያስለቅሰውን። የእህትህን ልጅ ስም።

ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። አንተ ግን ደገምክ፣ ሠለስክ። ሦስት ጊዜ ጠራሃት፣ ወንድሜ። ማን አቤት አለህ?

የሟች ስም የሆነ ቃል እስከ ሐዘን ማብቂያው ድግስ ቀን ከአፍ እንደማይወጣ እዚህ ሕፃን እንኳን ያውቃል። ስምንት ወር ሙሉ መንደሩ አፉን ጠብቆልኛል፤ ያንን ነገር "የእሳት ፀጉር" ነው የሚለው። አንዱ ቢያመልጠው እንኳ ደጄን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። አንተስ? ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ። አሳማው ታርዶ ገመዴን በእጅህ ስትቆርጥ፣ ቃሉን መጀመሪያ ከአፍህ አውጥተህ ለሰው ሁሉ መመለስ የአንተ ነበር። ሌላ አጎት የላትም። አንተ ግን ለማታውቃት ሰው፣ ከቅማል አስከትለህ እንደ ምራቅ ተፋኸው!

በጀልባ ነጂው ወቀሳ ብልክብህ ምን ብለህ መለስክ? ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ቃል እኮ ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ አልክ። ይህን ለወለደች እናት ትላለህ?

ልጅቷን አልቆጣም፣ አታውቅም። ፊቷ ቀልቶ አለቀሰች፤ ለመጽሐፉ የቱን ልጻፍ ብላም ጠየቀችኝ። የእሳት ፀጉር ብለሽ ጻፊ፣ ያኛውን ሰርዢው አልኳት። ሰረዘችው። መቅረጫውን የቀረውን ቃል እንዲያርምላት ለመምህሩ ትታ ወደ አንተ ተመለሰች።

እኔም አሸነፍኩ ብዬ ነበር። በማግስቱ ያሪንዳ ወንዝ ዳር ሳጎ ስናጥብ አፈጠጠችብኝ። የኛ ልጆች በከተማው ቋንቋ ነው የሚሰዳደቡት፣ አለች፤ እኛ አራት አሮጊቶች ስንሞት የሚቀረው ያ መጽሐፍ ነው፤ ልጅሽን ሁለተኛ ልትቀብሪያት ነው ወይ፣ አንቺ ድንጋይ? ጥርስ የላትም፣ ግን ነከሰችኝ።

ስለዚህ ስማኝ። ልጅቷ እዚያው ካለች ዛሬውኑ ንገራት፤ የሰረዘችውን መልሳ ትጻፈው። ግን ገመዴ ሳይቆረጥ መጽሐፉ እንዳይታተም። አሳማውን ከአሁኑ ፈልግ፣ ደህና አድርጎ የሰባውን። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። በድግሱ ቀን በሰው ሁሉ ፊት እወቅስሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሦስተኛው ላይ ድምፅህ ይሰበራል። አንዴ ለሰማው ሰው አይታወቅም።

የአባቶቻችን መንፈስ መንገድህን ያቅናልህ። ልጆችህን በእቅፍህ ያሳድግልህ፤ የእኔ ዓይነት ለቅሶ ደጅህን አይወቀው። ስትመጣ ለመቅረጫው አራት ባትሪ ያዝ። የነበረው በሦስት ቀን ማለቁ መምህሩን ገርሞታል። እኔ ምን አውቄ።

ታላቅ እህትህ