ታጥባ ስለተመለሰችው እንስራ ለግብረ ኃይሉ የቀረበ ምስጋና

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ለተከበሩ የባህላዊ መጠጦች ሥርዓት ማስያዣ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። ይህ የነሐሴ ዝናብ ባቆረው ውሃ የምትፈላው የወባ ትንኝም ወደ ቢሮዎ ደጃፍ ዝር እንዳትል ከልቤ እጸልያለሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን ቢተኙ በዚህች ከተማ ሳይታጠብ የሚያድረው እንስራ ብዙ ነውና።

ሽበሺ እባላለሁ። ለሁለት ዓመት ተመድቤ ከጎጃም ወደዚህ መጥቼ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ማንጎዬን ከዝንጀሮ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ልኬልዎ ሦስቱም መዝገብ ቤት ደርሰዋል ከመባል በቀር ወሬያቸው አልተሰማም። ምናልባት ፖስታ መክፈቱ አድካሚ ሆኖብዎት ይሆናል በሚል አሳቢነት አራተኛውን ይኸው ክፍቱን ልኬልዎታለሁ።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ባለሙያዎችዎ በቃለ ጉባኤ «ያልተፈቀደ የመጠጥ ማምረቻና መሰባሰቢያ» ብለው የመዘገቡት ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። እኛ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ዘርፈሽ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር የምንሰበሰብ ጠማቂዎች ነን። አንዲት ጣሳ ሸጠን አናውቅም። እያንዳንዳችን ቤታችን የጠመቅነውን ይዘን እንመጣለን፤ ዕቃዎቹ ሁሉ በቡልኮ ይሸፈኑና ከየአንዳንዱ እየተቀዳ በቁጥር ይቀርባል። የማን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀምሳለን፣ አፋችንን በውሃ እንጉመጠመጣለን፣ ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው፤ ምን ምን እንደሚል መናገር ግዴታ ነው። ጠማቂውም ቡልኮው እስኪነሳ ድረስ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። ይህ ሕግ ወይዘሮ ዘርፈሽን እጅግ ይጎዳቸዋል፤ የእሳቸው ጠላ በወይራ ከታጠነ ጋን ስለሚወጣ ገና ከሩቅ ስሙን ይናገራል፣ እሳቸው ግን ሰማይ ሰማይ እያዩ ዝም ይላሉ።

ዕድላዊት የምትባል ልጅ አለችን፤ የዚሁ የጋሞ ልጅ ናት፣ በምግብ ምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገች። እሷ ከደጋው ገብስ፣ በፋብሪካው ሆፕስ ፈንታ ጌሾ እያስገባች፣ በጄሪካን ውስጥ ቢራ ትጠምቃለች። አረፋው አንዳንድ ጊዜ ክዳኑን አስፈንጥሮ ማንጎ ያወርድልናል። የእኔው ጠላ አሻሮው ሁልጊዜ ስለሚያርርብኝ ከመጨረሻው ደረጃ ተነስቶ አያውቅም፤ በዚህ ረገድ ግብረ ኃይልዎ የወሰደው የማስወገድ እርምጃ ተገቢ እንደነበር ለታሪክ መመስከር እወዳለሁ።

ከሁላችንም በላይ ግን ከላይ ከኦቾሎ የሚመጡት ወይዘሮ አገርነሽ ነበሩ። እሳቸው ያመጡ የነበረው የደጋው ሰው ፓርሶ የሚለውን የገብስ ጠላ ነው። ሙያቸውን ጠይቀናቸው ደብቀውን አያውቁም፤ ብቅሉን፣ ውሃውን፣ ቀኑን ሁሉ ነግረውናል፣ እኛም እንዳሉን አድርገን ሞክረናል። የእኛው የገብስ ውሃ ሆኖ ቀረ፣ የእሳቸው ግን መጀመሪያ ኮምጠጥ ብሎ ኋላ ላይ ማር ማር ይል ነበር። ነገሩ እንስራዋ ውስጥ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ ነገር ሳትነካ፣ አንዱ ጥምቅ ሲያልቅ በውሃ ብቻ ለቅለቅ ተደርጋ ሌላው የሚጠነሰስባት፣ ግድግዳዋ ላይ ያለው እርሾ ከጥምቅ ወደ ጥምቅ የሚተላለፍባት ጥቁር እንስራ ናት።

ወይዘሮ አገርነሽ በሚያዝያ አረፉ። ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት ሦስት ልጆቻቸው የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። ባለቤታቸው አቶ ኦይታ ራሳቸው ሸማኔ እንጂ ጠማቂ ስላልሆኑ፣ በሁለተኛው ሳምንት በፒክ አፕ ጀርባ ላይ እንስራዋን ጉልበታቸው መሃል አቅፈው ወደ እኛ ወረዱ። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ እስከ መስቀል በሕይወት እንድናቆይላቸው። ልጆቹ ለማስቃላ፣ ለመስቀሉ ማለት ነው፣ አገር ሲገቡ የእናታቸውን እጅ አንድ ጊዜ ይቅመሱ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ይሁን አሉ። እኛም ቃል ገባን፤ በየሁለት ሳምንቱ ብቅል እየጨመርን ስናነቃት ከረምን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ግን ምስጋናውን ብቻዎን እንዲወስዱት አልፈቅድም፣ ግማሹ የእኔ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በግንቦት መጀመሪያ ማኅበራችን ዕውቅና እንዲሰጠው የሚል ማመልከቻ ለቢሮዎ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ማኅተም ያላረፈበትን ነገር ሁሉ የተሰረቀ ይመስለዋል። ወይዘሮ ዘርፈሽ ተው ብለውኝ ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉኝ የሰደቡኝ መስሎኝ ተቀየምኳቸው። ከማመልከቻው ጋር የአባላቱን ስም፣ የዕቃዎቹን ብዛት፣ በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ በሠንጠረዥ አባሪ አድርጌ ላክሁ። ሐምሌ 6 ቀን ባለሙያዎችዎ ግቢውን ሲከቡ በእጃቸው የያዙት ዝርዝር ያው የእኔ ሠንጠረዥ ነበር፣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ። አንድ ዕቃ ሳይስቱ ሰብስበው ወሰዱ። በተማሪዎቼ ዘንድ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተነበበ ጽሑፍ ኖሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎችዎ ስላሳዩት ጥልቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። ዕድላዊት አስተዋይ ልጅ ስለሆነች፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብላ ከእንስራዋ አንድ ጠርሙስ እርሾ ቀድታ ወይዘሮ ዘርፈሽ ጓዳ አስቀምጣ ነበር። ጠርሙሷንም አገኟት። በቃለ ጉባኤው ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ፣ አንድ ጠርሙስ፣ በስፍራው የተወገደ» ተብላ ሰፍራለች። ምንነቱን ልጅቱ ቆማ እየነገረቻቸው ነበር፤ አምስት ዓመት የተማረችው ይህንኑ ስለሆነ በደንብ ነበር ያስረዳችው። ምንነቱ የታወቀ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ምን ሊያደርጉት እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ንጽሕና። እዚህ ላይ ቃላት ያጥሩኛል ክቡር ሆይ፣ ቢሆንም እሞክራለሁ። ዕቃዎቹ አሥራ ዘጠኝ ቀን መጋዘንዎ ከርመው ሐምሌ 25 ቀን ተመለሱልን። የጽዳት ባለሙያዎ አቶ ዘካሪያስ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው፣ የወይዘሮ አገርነሽን እንስራ በሁለት እጃቸው ይዘው በኩራት አስረከቡኝ። ውስጧ ዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ እንደነበረባትና በበረኪና ሦስት ጊዜ ዘፍዝፈው፣ በሽቦ ፈግፍገው፣ ነጭ እስክትሆን እንዳጠቧት ነገሩኝ። ከእንስራዋም ጋር ማኅተም ያረፈበት፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት «ጽዱ ዕቃ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ዕውቅና ለምኜ የለ? ይኸው ዕውቅና። አቶ ዘካሪያስን መቆጣት አቃተኝ፤ ሰውዬው በዕድሜያቸው ይህን ያህል ለፍተው ያጠቡት ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

ተስፋ አልቆረጥንም ነበር። ዕድላዊት እንስራዋን አራት ቀን በንጹሕ ውሃ እየቀያየረች ዘፈዘፈቻት፣ ፀሐይ አሞቀቻት፣ በቢላ ጫፍ ከአንገቷ ስር ሽቦው ያልደረሰበትን ጥቂት ፍቃ ጠነሰሰችበት። ስምንት ቀን ጠበቅን። በስምንተኛው ቀን ቀዳን፣ ቀመስን፤ ምን ምን ይላል የሚለውን ሕጋችንን አክብሬ ስናገር የጤና ጣቢያ ወለል የጤና ጣቢያ ወለል ይል ነበር። በዚያን ቀን የነጥብ ደብተራችን በእጃችን ስላልነበረ ነጥብ አልሰጠንም።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አይገባኝም ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አቶ ኦይታ ነገሩን ከሰው ሰምተው በማግስቱ ወረዱ። ጠብቄ የነበረው ቁጣ ነው፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ተቀመጡና እንስራዋን ወደ ጭናቸው ስበው፣ አፍንጫቸውን ወደ አፏ አስጠግተው አሸተቱ። ቀና ብለው አዩን፣ ደግመው አሸተቱ። ከዚያ የለበሱትን ቡልኮ አውልቀው ጠቀለሏትና የመልስ መኪና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። ዓሣ ተጠብሶ ነበር፣ ከጫሞ በዚያው ጠዋት የወጣ፤ አልቀመሱም። የምስክር ወረቀትዎን ወንበሩ ላይ ትተውት ስለሄዱ በእኔ ዘንድ በክብር ተቀምጧል።

እኔም በበኩሌ እስከ ዛሬ አልተኛሁም ብል ማጋነን ይሆናል፣ እተኛለሁ። ግን ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ በማስመሪያ ያሰመርኩት ሠንጠረዥ ነው፤ ተራ ቁጥር ሦስት፣ እንስራ፣ ጥቁር፣ አንድ። እርስዎን ስወቅስ ግማሹ ወደ ራሴ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ያልጠረጠርኩት በሰው ዕቃ ነው፣ የተመነጠሩትም አቶ ኦይታ ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም። ለሃያ ስምንት ዓመት እርሾ ካሣ የሚተምን ኮሚቴ ይቋቋም ብል እንዳያቋቁሙት እፈራለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መስቀል አንድ ወር ግድም ቀርቶታል፤ ሦስቱ ልጆች ከሽሮ ሜዳ ተነስተው፣ ለእናታቸው ቀብር ያልደረሱት፣ ኦቾሎ ይገባሉ። አባታቸው ቃል የገቡላቸውን ያውቃሉና ጣሳ ይዘው ይቀመጣሉ። የሆነውን አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል። አቶ ኦይታ ይህን የመናገር ዕዳ የለባቸውም። እኔ ሄጄ ሠንጠረዡን ማን እንደሠራ እነግራቸዋለሁ፣ ወስኛለሁ። የቀረውን የሚነግራቸው ግን የፈረመው ሰው ቢሆን ሥርዓት ይመስለኛል፤ ግብረ ኃይልዎም የተቋቋመው ሥርዓት ለማስያዝ ነው። መንገዱ አቀበት ቢሆንም መኪናዎ ጠንካራ ነው፣ የእኛን ጋኖች በአንድ ጉዞ አንስቷል። የምስክር ወረቀቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

እስከዚያው ድረስ ማኅተምዎ እንደ ደመቀ፣ ወንበርዎ እንደ ረጋ፣ እጅዎም ከበረኪና እንደ ራቀ ይቆይልኝ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ለመሰናበት ብሞክርም ዕድሜዬ ስለማይፈቅድ በተቀመጥኩበት እጅ የነሳሁ፣

የዝርዝሩ አዘጋጅ
ሽበሺ፣ ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ በማስረጃነት የተወሰደው የነጥብ ደብተራችን አልተመለሰም። አይጨነቁ፣ ዕድላዊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኳ አንስታው ነበር። ግንቦት 24 ቀን እርስዎ ራስዎ ማመልከቻዬን ተከትለው ለጉብኝት ሲመጡ እንደ ማንኛችንም ቀምሰው ነጥብ ሰጥተዋል። በእጅ ጽሑፍዎ ቁጥር ሦስት ትይዩ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ «አሥር ከአሥር። የእናቴን ቤት አስታወሰኝ።» አቶ ኦይታ ያን ቀን ሐዘን ላይ ስለነበሩ አልመጡም፤ ቡልኮው ሲነሳ ግን እርስዎ እንስራዋን አይተዋል፣ የማን እንደሆነችና ለምን እንደምትጠበቅ ከእኔ አፍ ሰምተዋል፣ ሁለተኛ ጣሳም አስቀድተዋል። አቶ ኦይታ እስከ ዛሬ ሰውዬው ባያውቅ ነው ይላሉ። አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ ይህን ደብዳቤ በጋሞኛ የምታነብላቸው ዕድላዊት ናት፤ ይህችን ማስታወሻ እንድትዘልላቸው ለምኛታለሁ።