ለካያኩ የገዛሁት ርካሽ ዘንግ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ላፍቶ ካለ ሱቅ ለካያኬ፣ ለትንሿ የቀዘፋ ጀልባዬ፣ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዛሁ። ደህናው ከአቅሜ በላይ ነበር። ካያክ ላይ ቁጭ ብሎ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ላይ ታች ለመሳብ አጭሩም ይበቃል ብዬ ርካሹን ያዝኩ።

አባባ አልጋው ላይ ሆኖ በደህናው እጁ ዳሰሰው። ዝዋይ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያረጀ ሰው ነው።

«ጥሩ መርጠሃል። መቼ ትሄዳለህ?» አለኝ።

ግማሽ አካሉ ከደነዘዘ ወዲህ ከእኔ በቀር የሚያገላብጠው የለም። በአየር የሚነፋው ካያኬም አልጋዬ ስር ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነው።

«ሂድ እንጂ! አንድ ቀን ሳልገላበጥ ብውል ምን እሆናለሁ?»

ከመተኛት ብዛት የወጣበት የጀርባው ቁስል የደረቀው ገና በዚህ ሳምንት ነው። ወደ ግድግዳው ሳዞረውም «ሂድ» ይለኛል፤ እጄን ግን አጥብቆ እንደያዘ ነው።