መብራት ያጠፉበት ዘፈን

ተሜ ወንድሜ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ከተማችን ቡኢ እንደተውካት ናት፤ አቧራው ያው፣ የመኪናው ጥሩንባ ያው። እማዬ ከሏን አውልቃለች። እኔ ንዴቴን አላወለቅኩም።

ጊታርህ እኔ ጋ ነው። የተበጠሰውን ክር ከቡታጅራ አዲስ አስመጥቼ ቀየርኩትና ዘፈን ጻፍኩልህ። እንደ ለቅሶ የሚያባባ እንዳይመስልህ፤ ሁለታችን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ የምንጮኸው ዓይነት ሮክ ነው።

የመጀመሪያው አንጓ የአምቡላንሱ ነው። ሆድህን ይዘህ ስትንከባለል ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ብንጠይቅ “ነዳጅ የለም” አሉን። በባጃጅ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ስንከንፍ እጄ ላይ አለፍክ። ያው አምቡላንስ በዚያኑ ቀን ወፍጮ ቤት በር ላይ የባለሥልጣን ጤፍ ሲያራግፍ ነበር። ከተማው ሁሉ አይቷል፣ ከተማው ሁሉ ዝም ብሏል።

ሁለተኛው አንጓ ያንተ ነው። ስንት ቀን ሙሉ እያመመህ “ጨጓራ ነው፣ ይተወኛል” እያልክ ሸነገልከኝ። የእናትህ መስቀል እንዳይበላሽባት ብለህ ነው አሉ። አሁን አማረላት? ሰዎች ሙት ወቃሽ ይሉኛል። ያለውን ስወቅስ ይከለክሉኛል፣ የሞተውን ስወቅስ ይቆጡኛል፤ ታዲያ ማንን ልውቀስ?

ዘንድሮ ለመስቀል የወጣቶች መድረክ ነበር። አዘጋጁ ሰውዬ ጠርቶኝ “የወንድምሽን ዝፈኚ፣ የአምቡላንሱን ተይው” አለኝ። ይኸው ሰው በለቅሶህ ድንኳን ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ያኔ እማዬ ደረቷን እየደቃች “ጤፍ ከልጄ ቀድሞ መኪና አገኘ” ብላ ሙሾ ስታወርድ እሱም መሐረቡን አውጥቶ አልቅሷል። ዝም በይ ያላት አልነበረም፤ ለሙሾ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ያንኑ የእናታችንን ቃል ነው በጊታር ያደረግኩት። በጊታር ሲሆን ፖለቲካ ሆነ።

አልተውኩትም፣ ዘፈንኩት። “ጤፍ ከልጄ ቀድሞ” ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ማጉያው ሞተ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆች በርተዋል፣ የጠፋው የእኛ ብቻ ነው። ጊታርህን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ እንዳታዝንልኝ።

ከሰው መሃል እናትህ ተነሣች። ማይክ አልፈለገችም። እኔ ካቆምኩበት ተቀብላ ሙሾዋን ጀመረች። ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀበሏት፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ልጆች፣ እንደ ሮክ እየጮኹ። ሰውዬው ማጥፊያው አጠገብ ቆሞ የሚያጠፋው አጣ።

በየመስቀሉ እዘፍነዋለሁ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ። አንድ ቀን አምቡላንሱ ነዳጅ ያገኝ ይሆናል፤ ያኔ የእነሱን አንጓ እተውላቸዋለሁ። ያንተን ግን አልተውልህም። አንተን ይቅር ለማለት ገና ነኝ፣ ተሜ።

እህትህ ብርቄ