መብራት ሲጠፋ ያልቆመው ጊታር

ውዴ ሞገስ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ አሁን ደግሞ ጥር እየተጋመሰ ነው። እስከ ዛሬ ልጽፍልህ እየተነሣሁ የተውኩት የምነግርህ ሁሉ ጭንቅ ስለነበረ ነው። አፈር ለብሰህም በእኛ ሐሳብ እንዳትረበሽ ብዬ። ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝና ቁጭ አልኩ።

በቤቱ ልጀምር። እናትህ ከኩልመስክ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ዓይናቸው ታክሞ አሁን አጥርተው ያያሉ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሰላም ይላሉ። የሚያፈሰው የጣሪያ ጥግ ተደፍኗል። እኔም ስፌቴን ቀጥያለሁ፤ እንግዳ ወደ ላሊበላ መምጣት ስለጀመረ የጥልፍ ቀሚስ የሚጠይቅ አለ።

ዋናው ወሬዬ ግን ስለ ልጃችን ስለ ምሕረትና ስለ ጊታርህ አምፕሊፋየር ነው።

ከአዲስ አበባ ይዘኸው የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሁለት ሰው ተጋግዞ ከመኪናው ጣሪያ ሲያወርደው ጎረቤቱ ሁሉ ወፍጮ የገዛህ መስሎት ነበር። ከኋላው ያሉት የመስታወት ቲዩቦች እንደ ፍም እስኪግሉ ትጠብቅና «አሁን ሞቀ፤ አሁን ይናገራል» ትለኝ ነበር። ቲዩብ የሌለውን፣ ባለ ትራንዚስተሩን ግን አትወድም ነበር። «ደረቅ ነው፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» እያልክ ታጣጥለው ነበር።

አንተ ካረፍክ በኋላ ምሕረት ጊታርህን አንድ ቀን አላስቀመጠችም። አምፕሊፋየሩ ግን አልቆየልንም። መብራቱ ሄደ መጣ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት ጧ ብሎ ጨሰ። የወልድያው ጠጋኝ ከፍቶ አየውና ቲዩቦቹ መቃጠላቸውን ነገረን። «ከውጭ ካልመጣ እዚህ አይገኝም። ቢመጣም መብራታችሁ እንዲህ ከሆነ መልሶ ይቃጠላል» አለን። ዕቃውን መልሰን ወደ ቤት አመጣነው፤ እኔም ነጠላዬን አለበስኩት።

ያኔ ሆቴሎቹ ጭር ብለው ነበር። ልጃችን የጊታር ሥራ ሲጠፋ ፓስፖርት አወጣች። ዐረብ አገር ልትሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። «እማ፣ እዚህ ተቀምጬ ምን ልሁን?» ትለኝ ነበር። ሞጌ፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር። አንተን ቀብሬ እሷን ደግሞ በአውሮፕላን ልሸኝ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር።

ከገና በፊት አንተ ትሠራበት የነበረው ሆቴል አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሰው ላከብን። «የሞገስ ልጅ እንደ አባቷ ትጫወታለች ይባላል። ጾሙ ሲፈታ አንድ ምሽት እንሞክራት። ዕቃውን ራሷ ታምጣ፤ ብቻ የሚያንባርቅ ከሆነ እንግዳ ይሸሽብኛል» ብሎ። ምሕረት ከደስታዋ የተነሣ ተነሥታ አቀፈችኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ፤ ዕቃ የለንማ!

እሷ በስልኳ ያየችው አንድ አዲስ ዓይነት ነበር፤ ሞዴሊንግ ይሉታል። ውስጡ እንደ ትንሽ ኮምፒውተር ያለ ነገር አለው አሉ፤ የሌሎቹን አምፕሊፋየሮች ድምፅ እያስመሰለ ያወጣል። እኔ እሺ ማለት አቃተኝ። ያንተን ቃል የጣስኩ፣ በአንተ ቦታ ሌላ ያስቀመጥኩ መስሎ ተሰማኝ። በመጨረሻ «እንሂድና በጆሯችን እንስማው» አልኳት።

በጠዋት ተነሥተን ጋሸና ላይ መኪና ቀይረን ደሴ ገባን። ጊታሩን መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር የሄደችው። የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ሰይድ የሚባል ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ነገራችንን ሰምቶ ሲያበቃ «አብሽሪ እህቴ፣ ጆሮሽ ይመርጥልሻል። ዓይንሽን ብቻ ጨፍኝ» አለኝ።

መጀመሪያ ያገለገለ ትንሽ ባለ ቲዩብ አበራ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምሕረት ባቲን ስትጫወት ምንም አልመሰለኝም። ቀስ እያለ ከፍ ሲያደርገው ግን ድምፁ ወፈረ፣ ሞቀ፣ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አንተ ነህ! ከዳስ ውስጥ፣ ከሠርጉ መሀል የምሰማህ አንተው ነህ። እንባዬ መጣ።

ሰይድ ድምፁን መልሶ ዝቅ አደረገና «ቆንጆ ነው፤ አልክድሽም። ግን እንዲህ የሚሆነው ሲጮኽ ብቻ ነው። ሆቴሉ እንዲህ ያስጮኻታል?» አለኝ።

ያን ጊዜ ከሆቴል እያኮረፍክ የምትመለስባቸው ምሽቶች ትዝ አሉኝ። «ቀንስ፣ ቀንስ እያሉ ጊታሬን አነቁት» ትለኝ ነበር። የምወደውን ድምፅህን እዚያ ሆቴል ውስጥ አንድም ቀን አላወጣኸው።

ቀጥሎ ሞዴሊንጉን አበራው። አንዲት ቁልፍ አዞረና የባለ ቲዩቡን ዓይነት ድምፅ አወጣለት፤ ድምፁ ዝቅ እንዳለ። አልዋሽህም ሞጌ፣ ያንተው አይደለም። ንጽሕናው ይበዛል፤ ያቺ ትንሽ የምትሻክረው ነገር ይጎድለዋል። ምሕረት ግን ወደ አምባሰል ስትገባ ያንተን ነገር አደረገችው። ጅማቱን ሳብ አድርጋ፣ ያለቀ መስሎ ዝም ሲል፣ ዘግይታ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ረሳሁት። ለካ የፈራሁት በከንቱ ነው፤ አንተ ያንን በእጇ ላይ ትተህላት ሄደሃል።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት ሰይድን።

ሣቀና ገመዱን ከሶኬቱ መዘዘው። ጊታሩ አልተቋረጠም። «ባትሪ አለው» አለኝ። ክብደቱም በአንድ እጅ የሚነሣ ነው፤ ዋጋውም ከባለ ቲዩቡ ያነሰ። «ይሄን እንወስዳለን» አልኩ፤ አንተ ብትኖር ትንሽ ታጉረመርም ነበር፤ ትፈቅድ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

የሙከራው ምሽት ደረሰና እናትህን ደግፌ ከኋላ ተቀመጥን። እንግዶቹ ራት እየበሉ ነው፤ ምሕረት ጥግ ይዛ ቀስ ብላ ጀመረች። ሰዉ እየበላ ያወራል፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ድንገት መብራት ድርግም አለ። የእናትህን እጅ ያዝኩ፤ ድሮ መብራት ሲሄድ ጊታርህም አብሮ ይሞት ነበርና። ሣቁም ወሬውም ተቋረጠ፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የልጃችን ጊታር ብቻ ቀረ። ሳትደናገጥ፣ ሳታፈጥን ቀጠለች። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ መብራቱ እስኪመጣ ሹካ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከዚያ አጨበጨቡላት። እናትህ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው «እሰይ ልጄ! እሰይ የሞገስ ልጅ!» ይላሉ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ መጥቶ «ዕቃውን ወደ ቤት መልሳ አትድከም፤ እዚሁ እንቆልፍላት። ከነገ ጀምሮ ሥራዋ ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ምሕረት ለደላላው ደወለች። በር ላይ ቆሜ ሰማኋት፤ «አልሄድም። አይ፣ ወደ ፊትም አይደለም፤ ትቼዋለሁ» አለችው። ወደ ጓሮ ወጣሁና ለብቻዬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። የእፎይታ ለቅሶ እንዲህ እንደሚያቀል አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

አሮጌው ሣጥንህ እቤት ነው። ሰይድ ቲዩቡን ካገኘ እልካለሁ ብሎናል፤ ባያገኝም አላዝንም።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ እንደ አቅሜ እዘክርሃለሁ። በየቅዳሴው በክርስትና ስምህ አስጠራሃለሁ። ምሕረት ልጅ ብትወልድ ለልጇም አንተ ማን እንደነበርክ፣ በምን እንደምትሥቅ፣ በምን እንደምታኮርፍ እነግራለሁ። እኛን አታስብ፤ እንደ ምንም ቆመናል። እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልረሳህም፤ ከእንግዲህ ግን ስምህን ስጠራ ድምፄ አይቆረጥም።

ያንተው ታንጉት