ሽማግሌ ወደ አሰልጣኙ ቤት

ሰኞ፣ ጁን 6፣ 2011

«አባትህ ሁለት ሽማግሌዎች አሰልጣኙ ቤት ልኳል። ሎክአውቱ እስኪያበቃ ክለብ ከተጫዋችም ከኤጀንትም ጋር መነጋገር አይችልም። ይህ ከተደገመ ከአንተ ጋር መሥራቴን አቆማለሁ።»

ቃል በቃል ነው የተረጎምኩልህ፣ ደብተሬ። የልጄ የናትናኤል ኤጀንት ዛሬ ጠዋት የላከለት ኢሜል ነው። «አባትህ» ይለኛል። ስም የለኝም።

ነገሩን ታውቃለህ። ናቲ የአሜሪካ ፉትቦል ኪከር ነው፤ ሥራው ኳስ በእግር መምታት ብቻ። ኮሌጅ ጨረሰ፤ ክለቦች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት በድራፍቱ ማንም አልመረጠውም። ሌላ ዓመት ቢሆን ያልተመረጠ ልጅ ወዲያው ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል። ዘንድሮ ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በውል ጉዳይ ተጣሉ፤ ባለቤቶቹ በሩን ዘጉ፤ ሎክአውት የሚሉት ይህን ነው። ነፃ ተጫዋች ነህ ይሉታል፤ መፈረም ግን ክልክል።

ስለዚህ ቅዳሜ ለት የከተማችን ክለብ አሰልጣኝ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ማክሰኞ፣ ጁን 7

አልዋጥልኝ አለ። ክለብና ኤጀንት የማይነጋገሩ ከሆነ፣ ኤጀንቱ በሁለት ቀን ከማን ሰማ? ከአሰልጣኙ። እንግዲያው ይነጋገራሉ! ስለ ማን? ኤጀንቱ የሚወክለው ሌላ ኪከር እንዳለው አውቃለሁ። ሥራዬ ውል ማንበብ ነው፤ ሰው የት እንደሚደብቅ ይገባኛል።

ግን መጀመሪያ የራሴ ሰዎች ይጣሩ። ከሥራ ወጥቼ ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ አንደኛው ሽማግሌ ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ወላሂ ለሚስቴም አልተነፈስኩ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ግርማም እዚያው ነበሩ፤ ሊሞዚን ይነዳሉ፣ የአሰልጣኙን ቤት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ተቆጡ። «እኔን ነው የምትጠረጥረው? ነጠላዬን አጣፍቼ የቆምኩልህን ሰው!»

መቆሙንስ ቆመዋል። የአሰልጣኙ ሚስት ተቀመጡ ብትል፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ተተከሉ። ሴትዮዋ ደነገጠች። አሰልጣኙ ከጋራዥ ወጥቶ ሁለት እጁን አነሳ፤ ካናገርኳችሁ ሥራዬን አጣለሁ አለ። ጋሽ ግርማ፦ «ልጅህን ስጠን አላልንህም፣ ልጃችንን እንስጥህ ነው ያልነው!» ሐጂ ይህን ሲያወሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ፣ ጁን 9፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ሜዳ። ናቲ ይመታል፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ እጽፋለሁ። 18 ምት። ሁለት ሳተ። ለኤጀንቱ ያዘጋጀሁትን የክስ ደብዳቤ ቆሜ አነበብኩለት፤ ከአሰልጣኙ ጋር በስውር ትነጋገራለህ የሚለውን።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ በአማርኛ ተናገረ። «እኔ ነኝ የነገርኩት፣ አባዬ።»

ለናቲ ደግሞ ያወራሁለት እኔው ነኝ፤ ቅዳሜ፣ በኩራት። ፈርቶ ነው። ስሙ ክለቡ ዘንድ ሳይበላሽ ኤጀንቱ ቀድሞ መላ እንዲፈልግለት። «በሩ ሲከፈት ክለቦቹ ለጥቂት ቀን ብቻ ይደውላሉ» አለኝ፤ «የሚደውሉት ደግሞ ለአንተ ሳይሆን ለኤጀንቱ ነው። እሱ ከተወኝ ማን ያውቀኛል?»

መኪና ውስጥ ስገባ ሰዓቱ እጄ ላይ ገና ይቆጥራል። ማቆሙን ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 11

ናቲ እውነቱን ነው ወይስ ኤጀንቱ ያስጠናው? ሌላኛው ኪከርስ? አላወቅሁም። ያም ሆኖ የክስ ደብዳቤውን ቀደድኩ። በናቲ በር ሥር የማስገባው ሌላ ነው። ግልባጩ አንተ ጋ ይቀመጥ፦

ናትናኤል፣ ኤጀንትህን ታምነዋለህ ወይስ አታምነውም? እኔ ከዚህ ጉዳይ ልውጣ ወይስ ልቆይ? በፈለግኸው ቋንቋ ጻፍልኝ፤ ፈርምበት። የጻፍከውን እፈጽማለሁ፣ ባይዋጥልኝም። እስከ ረቡዕ፣ ጁን 15፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት። «ኦኬ ዳድ» መልስ አይደለም።